ሐሙስ ላይ ነኝ

«ስንተኛው ገጽ ላይ ደረስሽ?» አለ ሬይኔል።

«ሐሙስ ላይ ነኝ» አለች ዳያኒስ ሳታስብ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርት ኒልዳ እንኳ ጠመኔውን እንደያዙ ፈገግ አሉ።

አርብ አርብ ከትምህርት በኋላ የንባብ ክበቡ አባላት እያነበቡ ስላሉት ልቦለድ ተራ በተራ ያወራሉ። መምህርቷም የአንባቢዎቹን ስም ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ዳያኒስ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የክበቡ ኮከብ ሆናለች። መርከብ ውስጥ ተደብቃ ስለተሳፈረችው ልብስ ሰፊ ስትተርክ የሚያዛጋ አልነበረም። ችግሩ፣ መጽሐፉን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያነበበችው እናቷ ኦዳሊስ ናት፤ እሷም ብትሆን በጆሮዋ። እሷ በምትሠራበት የከተማው የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኞቹ ትምባሆ ሲጠቀልሉ ለዚሁ የተቀጠረ አንባቢ ከፍ ያለ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልቦለድ ያነብላቸዋል። እዚያ ገጽ የሚቆጥር የለም። «ማክሰኞ ላይ ተጋባች፣ ሐሙስ ላይ ሸሸች» ነው የሚባለው። ደግሞ ማንም «ሰማን» አይልም፤ ሁሉም «አነበብን» ነው የሚሉት። ዳያኒስም ይህንኑ ስትሰማ ነው ያደገችው።

ሬይኔል ግን ከሃቫና ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ የፋብሪካውን ወግ አያውቅም። «ቲቸር፣ አላነበበችም! እየፎገረችን ነው!» አለ።

«ማን አለህ? መጽሐፉ እኔ ጋ ነው፣ አውሳኝ ነው!» ብላ ጣልቃ ገባች ጓደኛዋ ዮርዳንካ።

ዳያኒስ ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር። አይደለም ማለት ነበረባት፤ አላለችም።

«እንግዲያው በሚቀጥለው አርብ ይዘሽው ነይ» አሉ መምህርቷ። «ሳያነብ አነበብኩ የሚል እዚህ ክበብ ውስጥ ቦታ የለውም።»

ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ ዮርዳንካ የዳያኒስን ክንድ ያዘች። «ምን ያስጨንቅሻል? አክስቴ ጋ አለ። አመጣልሻለሁ፤ የተነበበ እንዲመስል የገጾቹን ጠርዝ አጠፍ አጠፍ ታደርጊና አለቀ።»

እቤት ስትደርስ እናቷ ጥቁር ቦሎቄ እየለቀመች ነበር።

«እማ፣ ያንን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ ነው የምትይው አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ሽፋኑን እንኳ አይተሽው አታውቂም እኮ።»

ኦዳሊስ ቀና አለች። «እጄ ሥራ ላይ፣ በምን ልያዘው? ስሚኝ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ነው ፋብሪካ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ልቦለድ እንዳነበብኩ ታውቂያለሽ? ከዚህ ሰፈር መጽሐፍ ታቅፎ የሚዞር ማን ነው የሚያህለኝ?» አለችና ወዲያው ፊቷ በራ። «ኧረ ደግሞ የዛሬውን ብትሰሚ! ካፒቴኑ አገኛት!»

ዳያኒስ ቦሎቄውን አብራት እየለቀመች አዳመጠች። ታሪኩ ጣፋጭ ነበር፤ እሷን ግን አልጣማትም። የሰው መጽሐፍ አጣጥፋ የእኔ ነው ካለች፣ ታሪኩን የነገረቻት እናቷ ከነጭራሹ ልትረሳ ነው። ይህ አሳፈራት።

አርብ ዕለት ዮርዳንካ መጽሐፉን በጠረጴዛው ሥር አቀበለቻት። ጠርዞቹን ራሷ አጣጥፋቸዋለች። ሰሌዳው ላይ የዳያኒስ ስም ቀድሞ ተጽፏል።

«እሺ ዳያኒስ፣ አመጣሽው?»

ተነሳች። መጽሐፉን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይኸው፤ ግን የዮርዳንካ አክስት መጽሐፍ ነው፣ ገልጬውም አላውቅ። ያነበበችው እናቴ ናት። ፋብሪካ ያነበበችውን ማታ ማታ ትነግረኛለች።»

«አበድሽ እንዴ?» አለች ዮርዳንካ በሹክሹክታ።

«አላልኳችሁም!» አለ ሬይኔል።

መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «ይህንን ባለፈው አርብ ብትነግሪኝ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጠመኔውን አነሱ። «ታዲያ ማንን ልጻፍ?»

«ኦዳሊስ ብለው ይጻፉ።»

መምህርቷ የዳያኒስን ስም አጠፉና በቦታው ኦዳሊስ ብለው ጻፉ። ዳያኒስ ስሟ ሲጠፋ ስታይ ከፋት፤ እንባዋም መጥቶ ነበር። የሚስቅ ግን አልነበረም።

«አንቺስ?» አለ ሬይኔል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔማ ገና ልጀምር ነው» አለችና ቁጭ ብላ መጽሐፉን ገለጠች።