የአርባ ቀኑ ጠርሙስ

ዙሌይካን ያጠቧት ሴቶች ያዩትን ለማንም ላይናገሩ ተማምለው ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ምስጢር ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ አይቆይም። የሟቿ ቀኝ መዳፍ ቢጫ ነበር፣ ተመርዛ ነው የሚለው ወሬ ከቀብር ተመላሹ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በማግስቱ ወንድሟ ሙስዓብ ከአምባሰል መጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ገባና፣ እህቴን ገድለውብኛል ብሎ አመለከተ።

ጉዳዩ ኢንስፔክተር አሰጋሽ እጅ ወደቀ። አሰጋሽ ሰው ሲዋሻት ብዙም የማትናደድ፣ ሲያለባብስባት ግን የምትበሽቅ ሴት ናት። በዚያ ቤት ደግሞ ማለባበስ ሞልቷል።

ዙሌይካ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አስር ቀን ደክሟት ተኛች፤ በአስራ አንደኛው ደም ፈሰሳትና ደሴ ሆስፒታል ስትደርስ እሷም ልጇም አልተረፉም። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው። ባሏ ጠሃ ከሐይቁ ዓሣ እየገዛ ወልድያ ድረስ ይነግዳል። አማቷ ወይዘሮ ዑምኩልሱም ሆዳቸው ውስጥ እብጠት አለባቸው። የጠሃ እህት ሀውራ ደግሞ ባሏ ለሥራ ጅቡቲ ስለሄደ ከሦስት ወር በፊት እናቷ ዘንድ መጥታለች፤ እሷም የአምስት ወር እርጉዝ ናት። የሰፈሩ ሁሉ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው፤ ዙሌይካን የበላ እጅ ሀውራን ይምራታል ወይ? ልጅቷ ከቀብሩ ወዲህ ሌላ ሰው የቀዳላትን ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

አሰጋሽ በመጀመሪያ ደሴ ሄዳ ዶክተሩን አነጋገረች። ዶክተሩ የታወቀ መርዝ አላገኘም። እንግዴ ልጁን ግን አይቶታል፤ ከሰባት ወር እርግዝና የሚጠበቀውን ግማሽ አያክልም።

«ጽንስ የሚመገበው በደም ሥር ነው» አላት። «እንግዴ ልጁ ሁልጊዜ አዲስ ደም ሥር ማብቀል አለበት። የእሷ አልበቀለም። አንድ ነገር ለወራት ሲከለክለው እንደነበር እጠረጥራለሁ።»

«በአንድ ቀን የተሰጠ አይደለም?»

«አይመስለኝም። በየቀኑ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።»

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን አገላበጠችው። በየቀኑ ከሆነ ምንጩ ከቤት አይወጣም። ሀውራ ግን ሦስት ወር ሙሉ ከዚያው ድስት በልታለች፣ ከዚያው እንስራ ጠጥታለች፤ ጤና ጣቢያም በዚያው ሳምንት መርምሮ ልጅሽ ደህና ነው ብሏታል። እንግዲያ ዙሌይካ ቀምሳው ሀውራ ያልቀመሰችው ነገር ምንድን ነው?

ለወይዘሮ ዑምኩልሱም መድኃኒት የሚሰጡት አያ ታረቀኝ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ። ሽማግሌው ወሬውን ሰምተው በራቸውን ዘግተው ነበር የተቀመጡት። ሥር ቀጥቅጠው፣ አፍልተው፣ ጨምቀው በጠርሙስ እንደሚሰጡ አልደበቁም።

«ስሙን አልነግርሽም ልጄ፤ ሥራውን ልንገርሽ። እብጠት የሚያድገው ደም እየሳበ ነው። ይኼ ደሙን ይከለክለውና ያደርቀዋል።»

አሰጋሽ መጻፏን አቆመች። «ነፍሰ ጡር ብትጠጣውስ?»

«እብጠት ያደረቀ ጽንስ ይምራል እንዴ? ከአምስት ወር በፊት ጠሃ ሊወስድ ሲመጣ፣ ቤትህ ነፍሰ ጡር አለች ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። የለችም አለኝ።»

ቀጥለውም አማረሩ። ጧት ጧት አንድ ስኒ ብለው ለአርባ ቀን የለኩት ጠርሙስ ሁልጊዜ በሰላሳ ቀኑ ያልቃል። ሴትየዋ ቶሎ ለመዳን እያበዙ ይጠጣሉ ብለው ጠርጥረዋል። አሰጋሽ ግን አልጠረጠረችም፤ ያን መራራ ነገር ማንም ወዶ አያበዛውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በጠሃ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሙስዓብ በሩ አጠገብ ቆመ፤ አያ ታረቀኝ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አሰጋሽ ጠርሙሱን አስመጥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፤ ሩቡ ብቻ ጎድሏል። ከዚያ የሀውራን ሁለት እጆች ገልብጣ አየች።

«ከጠሃ ልጀምር» አለች። «ለአያ ታረቀኝ ለምን ዋሸሃቸው?»

ጠሃ አቀረቀረ። ዙሌይካ ያኔ ገና የሁለት ወር ነበረች። ሳይገፋ ከተወራ ዓይን ያርፍበታል ተብሎ ከእናቱ እንኳ ተደብቋል። በኋላ ሆዷ ሲታይ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከነጭራሹ ተረሳው። መድኃኒቱ የእናቱ ነው፤ ሚስቱ ትጠጣዋለች ብሎ አላሰበም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጠሃ የደበቀው ደስታውን ነበር፣ አይ የሰው ነገር።

«ወላሂ ስትጠጣ አላየሁም» አለ።

«አታይም። አንተ ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ላይ ነህ። መድኃኒቱን ጧት ጧት የምትቀዳው ዙሌይካ ነበረች። መዳፏ ላይ የታየው ቢጫ ሂና አይደለም፤ ሂና ቢሆን ሁለቱም እጆቿ ላይ ይሆን ነበር። አያ ታረቀኝ፣ ይኼ ነገር ያቀልማል?»

«እንደ ሂና ነው። ሁለት ሳምንት አይለቅም» አሉ ሽማግሌው።

«ሰው መዳፉ ላይ የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው? ሊቀምስ። በየቀኑ አንድ ጉንጭ ስለሚቀመስ የአርባ ቀኑ በሰላሳ አለቀ። አምስት ወር ሙሉ። የእናትየውን እብጠት ሲያደርቅ የልጅቷንም ጽንስ አብሮ አደረቀ። እማማ፣ ቅመሺ ይሏት የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ዑምኩልሱም አልካዱም። ሰው ያቀረበውን ቀምሶ መስጠቱ የነበረ ወግ ነው አሉ። ልጃቸው ሳያማክራቸው ያገባት፣ ወገኗን የማያውቁት ሴት ናት፤ ምን እንደምትጨምርበት በምን ያውቃሉ? ማርገዟን ሲሰሙም መድኃኒት ሰውን ይጎዳል ብለው አላሰቡም። ነፍስ አጥፍቷል ብላ የምትከሰው ሰው እንደሌላት አሰጋሽ ታውቃለች፤ ያም አንገበገባት።

ያን ጊዜ ጠሃ ድንገት ወደ እህቱ ዞረ። ዙሌይካ ከተኛችበት ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን የምትቀዳው ሀውራ ናት።

«አንቺም…?»

«እኔ አልቀመስኩም» አለች ሀውራ ሆዷን ይዛ። «እናቴ ቅመሺ ብላኝ አታውቅም።»

«እውነቷን ነው» አለች አሰጋሽ። «መዳፏ ንጹህ ነው። ይኼ ጠርሙስ የተከፈተው ዙሌይካ የተኛች ዕለት ነው፤ በአስር ቀን ሩቡ ብቻ ጎደለ፣ ልክ እንደተለካው፤ ከሞቷ ወዲህ አልተነካም። የሀውራ ልጅ ደህና ነው።»

ጠሃ እፎይ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ወይዘሮ ዑምኩልሱምም ቀና አሉ፣ እንደተገላገለ ሰው።

«አልሐምዱሊላህ። እሷንማ ለምን ቅመሺ እላታለሁ?» አሉ። «ልጄ አይደለችም እንዴ? አምናታለሁ።»

ካሉት በኋላ ነው ያሉት የተሰማቸው። እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ጠሃ እናቱን አላያቸውም።

ሙስዓብ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ቁጣው ሁሉ ከድምፁ ወጥቶ፣ «እሷም እኮ» አለ፣ «እኛ ቤት ስትደውል እናቴ ነበር የምትልዎት።»