ሁለት ጊዜ የተወጋው መንጋጋ

ጥርስ ሐኪሙ የሞተው ስንቱን ባስለቀሰበት በገዛ ወንበሩ ላይ ነው፣ አፉን እንደከፈተ። ማደንዘዣው ውስጥ መርዝ ተገኘ። መርፌውን ያዘጋጀችው አሮጊቷ ነርስ ናትና ፖሊሶቹ ሁለተኛ ጥያቄ ሳያስፈልጋቸው በካቴና አሰሯት። ችኮላ መቼም መድኃኒት የለውም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መዥገር» ይሏታል፤ ከተጣበቀች መላቀቅ የለም። እንደደረሰች በባትሪ የሟቹን አፍ አየች። ሁለት የመርፌ ቀዳዳ አለ፦ አንዱ ሁሉም ሐኪም የሚወጋበት ቦታ፣ ሌላው ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ።

ኮሪደሩ ላይ ካሉት በሽተኞች ሌላ ክሊኒኩ ውስጥ የነበሩት ነርሷ፣ የሟቹ ሸሪክ የሆነው ሐኪምና አንዲት ወጣት ሐኪም ብቻ ናቸው። ወጣቷ፣ ሟቹ ጥርሱን ስላመመው በመስታወት እያየ ራሱን ወጋ አለች። ነርሷ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ዕቃ ልትቀቅል መሄዷን እያለቀሰች ተናገረች። ሸሪኩ ስለ ሁለተኛው ቀዳዳ ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ።

«የታችኛው መንጋጋ ነርቭ አብዛኛው ሰው ላይ አንድ ነው። አንዳንዱ ላይ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ አንድ መርፌ አይበቃውም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ቻለው እንለዋለን» አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

መዥገር የሟቹን ራጅ አስወጥታ አየች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች ስታዋራ ቆየችና ሦስቱን ሰበሰበች።

«ሟቹ ራሱን ቢወጋ የገዛ መንጋጋውን ያውቃል። ራጁ ላይ ነርቩ አንድ ነው፤ ሁለተኛው መርፌ ምን ይሠራለታል? ሸሪኩ ለሚጮህ በሽተኛ እንኳ አይጨምርም። ነርሷ ታዘጋጃለች እንጂ ድድ ወግታ አታውቅም።» ወደ ወጣቷ ዞረች። «አንቺ ግን ለማንም ሁለት ነው የምትወጊው፤ በሽተኞችሽ እጇ ይባረክ ይላሉ። አመል ያወጣል ከመሐል፣ የኔ ልጅ።»

ወጣቷ አላንገራገረችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የእሷ ቁስል ደግሞ የእናቷ ነበር።

«እናቴ ነርቧ ሁለት ነው። አመመኝ ብላ ስትጮህ ‹ታስመስላለች› ብሎ ጥርሷን ነቀለው። ከዚያ ወዲህ የሐኪም በር አልረግጥም አለች፤ ሌላ ጥርሷ ሲመግል መግሉ አንገቷ ወርዶ ገደላት። ሙያውን የተማርኩት ለእሷ ስል ነው። እዚህ የተቀጠርኩት ለእሱ ስል ነው።»

«እትዬ ነርሷስ ምን አደረገችሽ? ልታስፈርጂባት ነበር።»

«ያን ቀን የእናቴን እግር ይዛ ነበር።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። ካቴናው ሲፈታላት እንኳ ቀና አላለችም።

መዥገር ወጣቷን እያሰረች ትቆጪ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እቆጫለሁ» አለች ወጣቷ። «ለእናቴ የነፈጋትን መርፌ ለእሱ ሰጠሁት። ምንም ሳያመው ሞተ።»