ዐሥራ ሰባተኛው ካሬ

የባሕር አረም ተመራማሪዋ ሬሳ ማክሰኞ ጠዋት ከባሕሩ ዳር ድንጋዮች ሥር ተገኘ። «ትናንት ቀትር ላይ ቢሮ መጥታ አረም የምትቆጥርበትን የብረት ካሬ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ 'በቃኝ' ብላኝ ወጣች» አለ ኃላፊዋ። የሰው አፍ መች ያርፋል፤ ራሷን ነው የጣለችው ተባለ። ታናሽ እህቷ ሰኞ ዕለት ሟች የደወለችላትን ስልክ አላነሣችም ነበርና «በቃኝ» የሚለው ቃል በሟች ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ቧንቧ ሲንጠባጠብ እንኳ ትሰማዋለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። መጀመሪያ ሟችን ያመላልስ የነበረውን ጀልበኛ ጠየቀች።

«ጠላት ነበራት?»

«ኧረ ምን ጠላት! ከኃላፊዋ ጋር ግን ሲነታረኩ ነው የከረሙት። እሱ ዐሥር ካሬ ይበቃል ይላል፣ እሷ አይበቃም።»

ቢሮ ገብታ ከሚስማሩ ላይ የብረቱን ካሬ እያየች እህቲቱን ጠየቀቻት።

«በዚህ እንዴት ነበር የምትሠራው?»

«ድንጋዩ ላይ ትጥለዋለች፣ ውስጡ ያለውን አረም በየዓይነቱ ትመዘግባለች፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ትጥላለች። አምስት ካሬ ተከታትሎ አዲስ ዓይነት ሲጠፋ 'በቃኝ' ትላለች። ዐሥር ብቻ መጣል በር ላይ ቆሞ ቤተሰብ መቁጠር ነው ትል ነበር። ደግሞ ሳታጥብ ሰቅላው አታውቅም።»

መርፌ ጀልበኛውን፣ ኃላፊውንና እህቲቱን እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይህ ደብተር ከኪሷ የተገኘ ነው። መጨረሻው ዐሥራ ሰባተኛው ካሬ ነው፤ 'አዲስ ዓይነት፣ ቀይ፣ እንደ ክር የቀጠነ' ይላል። አዲስ ካገኘች ገና አምስት ይቀራታል። ታዲያ እንዴት 'በቃኝ' ትላለች?»

«ተስፋ ቆርጣ ይሆናላ!» አለ ኃላፊው።

«ይሁን፣ መጣች እንበል። ካሬውን ታጥበው ነበር። ይኸው ቀዩ ክር ማዕዘኑ ላይ ደርቋል። ከድንጋዩ ያመጣው ሌላ እጅ ነው። የሷ የቢሮ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበር። ሌላው ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ሰውየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዳርቻው ባዶ ነው፣ ወደብ ይሠራበት ብዬ ፈርሜያለሁ! ቀዩን እያሳየች ሳቀችብኝ። ካሬውን ስነጥቃት አዳለጣት። እጇን ዘርግታልኝ ነበር… ጥያት መጣሁ።»

ጀልበኛው ፊቱን አዞረ። እህቲቱ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ታዲያ አልሰለቸናትም?»

«አልበቃትም ነበር፣ እህቴ» አለቻት መርፌ።

ያኔ እህቲቱ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ውጭ ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ሰማችው። አሁን ግን ድምፁ የኃላፊው ነበር።