ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ጄሪካን

የሐጂ አብዱልመሊክ አስከሬን ከግድቡ ሲወጣ፣ ወገባቸው ላይ የታሰረችው ጄሪካን አብራ ወጣች። የታሰረችው ባዶ ሆና ልታንሳፍፋቸው ነበር። እሷ ግን እስከ አንገቷ ውሃ ሞልታ፣ ክዳኗ ጥርቅም ብሏል።

ሐጂ የሰመጡባትን ጀልባ የሠራው አማቻቸው ወዚር ነው፤ ሮቤ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው። የአይሱዙ ሸራ ሰቀለላትና ቤተሰቡን ከአጋርፋ ወዲያ ወዳለው ግድብ ለሽርሽር ወሰደ። ነፋስ ሸራውን ገፍቶ ጀልባዋን ሲገለብጣት ወዚር፣ ሚስቱ ዙሀይራ፣ የሐጂ ሚስት አዴ ሰይዳና የስድስት ዓመቷ ልጁ ሀዋኒ በየጄሪካናቸው ተንሳፈፉ። ሐጂ ብቻ ከነቡልኳቸው ሰመጡ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሸዋርጋ ወዚርን በካቴና አስራ ሐዘን ቤቱ አመጣችው። እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባትን ጄሪካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማን አሰራት?»

«እኔ። ጄሪካኖቹን ሁሉ በቀጭን ሲባጎ ከየመቀመጫው ጋር ቋጠርኩ። ያኔ ባዶ ነበሩ፣ ወላሂ። ከዚያ ሸራውን ልሰቅል ሄድኩ።»

«ሰውዬው ሚስትህን ይዘህ አዳማ እንዳትሄድ ከልክለውህ ነበር አሉ።»

«‹ሳልሞት ልጄን አትወስዳትም› ብለውኛል።»

«ሞቱልህ።»

ወዚር አንገቱን ደፋ።

«ቀዩ ጨርቅስ?»

«መለያቸው ነው። ለሶላት የሚታጠቡባት የውዱእ ጄሪካናቸው ናት፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አይታጠብባትም። የራሳቸው ትሁን ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ሸዋርጋ ከጄሪካኗ በብርጭቆ ቀዳች፤ የቀረውን ባልዲ ውስጥ ገለበጠችው። ብርጭቆውን የያዙት ጣቶቿ በውሃው ውስጥ ጥርት ብለው ይታያሉ።

«ግድቡን ዝናብ አደፍርሶታል፤ ይህ ግን ግድቡ አጠገብ ካለው ምንጭ የተቀዳ ነው» አለች። «ሲባጎው ጀልባዋ ስትገለበጥ ተበጥሷል እንጂ ቋጠሮው አልተፈታም። እንግዲህ ጄሪካኗ ምንጭ አልወረደችም፤ ውሃው ነው በትንሽ ዕቃ እየተመላለሰ የመጣው። ሐጂ ተቀመጡ፣ የጄሪካኗን ገመድ ወገባቸው ላይ አሰሩ። ክብደቷን ማን ያንሳና ይወቅ?»

«እና ማን ነው?» አለች ዙሀይራ።

«ገዳይ ቢሆን እጁን ዘርግቶ ከግድቡ ይቀዳ ነበር። ሰው ለማስመጥ ንጹህ ውሃ የሚመርጥ የለም። ይህ የተሞላው ለውዱእ ነው።» ሸዋርጋ በራሷ ረካች። «በዚህ ቤት የሐጂን ጄሪካን የሚሞላው ማን ነው?»

ዙሀይራ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አሉ አዴ ሰይዳ።

«እርስዎ ያለ ደጋፊ ደፍ አይሻገሩም። ምንጩ ደግሞ ገደል ሥር ነው።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። ጻፊው።»

«ተዪያቸው» አለ ወዚር ድንገት። «እኔ ነኝ። መልሺኝ፣ እስር ቤት ልሂድ።»

ሸዋርጋ ያኔ ገባት። የጠየቀችውን ጥያቄ መልሳ ልትውጠው ፈለገች።

«ውሸት» አለች ሀዋኒ ከእናቷ ጉያ። «የአካኮን፣ የአያቴን ጄሪካን የምሞላው እኔ ነኝ። ትናንትም በሃይላንድ አመላለስኩ። አካኮ ድፍርስ ውሃ አይወድም። ስሞላለት ይመርቀኛል።»

ሸዋርጋ ካቴናውን ፈታች። ወዚር እጆቹ ነጻ ወጡ እንጂ የሚያደርግባቸው ነገር ጠፋው።

ሀዋኒ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ጄሪካኗን ወዘወዘቻት።

«ማነው የደፋው?»

ጄሪካኗን አቅፋ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣች። ውሃው ሲንዶቆዶቅ ሁሉም ሰሙ፤ ተነስቶ የከለከላት ግን አልነበረም።