አሥራ አንድ ሜትር የሄደው ሲግናል

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ትምኒትን ቃላሚኖ ትምህርት ቤት አብረን ከምንማርበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ... አንድም ቀን ነገር ስታጋንን ሰምቻት አላውቅም። እንደነገረችኝ አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። መቐለ፣ ወደ እንዳ ኢየሱስ በሚወስደው መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ትምኒት የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነር ናት። ከደብረ ብርሃን ከመጣው ባርናባስ ጋር ሆና የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚከታተል መሣሪያ ትሠራ ነበር። ሕፃኑ መተንፈስ ሲያቆም መሣሪያው ወዲያው መጮኽ አለበት።

ከዘገየ... ባይኖር ይሻላል።

የመሣሪያው ሰርኪት ቦርድ ለፋብሪካ የሚላከው ዓርብ ነው። ከመላኩ በፊት ሲግናሉ ከአንዱ ቺፕ ተነስቶ ሌላው ጋ በሰዓቱ መድረሱ ኮምፒውተር ላይ ይፈተሻል። ሲሙሌሽን ነው፤ ቦርዱ ገና ስዕል ነው። በሁለቱ ቺፖች መካከል ያለው መንገድ አራት ሴንቲ ሜትር ነው።

ፈተሸችው። ሲግናሉ በሰዓቱ ደረሰ።

ከዚያ... ሌላ መጣ። ትንሽዬ። ደከም ያለ።

ትምኒት አልደነገጠችም። ሲግናል አንዳንዴ መንገዱ መጨረሻ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ይናገራል።

አሰላችው።

አሥራ አንድ ሜትር።

ቦርዱ የእጅ መዳፍ እንኳ አይሞላም።

ቀና ብላ ባርናባስን አየችው። ጀርባውን ሰጥቷት ይሠራል። የቦርዱን ፋይል የሚከፍቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰሞኑን ደግሞ ስልክ ሲደወልለት ወደ ኮሪደሩ እየወጣ ማውራት አብዝቷል። ፋይሉን ነክቶት እንደሆነ ጠየቀችው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ እንዳልከፈተው ነገራት።

ዞር ብሎ ግን አላያትም።

ረቡዕ ደገመችው። ዘጠኝ ሜትር።

ሳትነግረው ፓስወርዱን ቀየረች። ኢንተርኔቱን ነቀለች። ቁልፏን እንኳ ጠረጴዛ ላይ መተው አቆመች።

ሐሙስ ጠዋት... ስድስት።

ባርናባስ ለምሳ ሲወጣ የግንበኛ ሜትር ተውሳ መጣች። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ከስክሪኑ ጀምራ ወደ ውጭ ዘረጋችው። አሥራ አንዱ ደረጃው አፍ ላይ ዋለ። ዘጠኙ ኮሪደሩ መሀል።

ስድስቱ... የቢሯቸው ደፍ ላይ።

ኣደይ ኣኽበረት፣ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ፣ ጠዋት ወለሉን በውሃ ወልውላው ነበር። ኮሪደሩ በሙሉ ደርቋል። ደፉ ላይ ግን ሁለት እግር የሚያህል ቦታ ገና እርጥብ ነው።

ባርናባስ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው። ፋይሉን የምታበላሸው አንተ ነህ አለችው። ለማን ብለህ ነው፣ በሕፃናት ሕይወት እንዴት ትቀልዳለህ አለችው።

«እኔ ያየሁት ቀን ሠላሳ ሜትር ነበር» አላት። «አንቺ ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሠላሳ ሜትር ማለት በደረጃው ወርደህ አስፋልቱ ጋ ነው።

ስልኩም ስለ እሷ ነበር። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛውን፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፋይል ውስጥ መደበቅ ይችል እንደሆነ ሲጠይቀው ነው የሰነበተው።

አብረው ሊሞክሩት ተስማሙ። እሱ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠ። እሷ ከተዘረጋው ሜትር አጠገብ ቆመች። ድምፃቸውን ለምን ዝቅ እንዳደረጉ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ስንት?»

«አራት።»

ሄዳ አራቱ ላይ ቆመች። ምንም የለም። ባዶ ወለል። እግሯ ሥር ብቻ ቀዝቀዝ አላት።

«ድገመው።»

«አራት።»

አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

«አሁንስ?»

ባርናባስ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«በጃኻ ባርናባስ... እባክህ ስንት ይላል?»

«ሦስት ተኩል።»

ሌላ እርምጃ።

«ሦስት።»

ጎንበስ ብላ ሜትሩን አየች። ሦስት ቁጥር ያረፈው የእግሯ ጣት አጠገብ ነበር።

«አትቅረቢኝ» አላት በሹክሹክታ።

ዓርብ የሚላክ ነገር አልነበረም። ፋይሉን አጠፉት። ሌላ ኮምፒውተር አምጥተው ቦርዱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እንደገና ሳሉት። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። አርባ ጊዜ ፈተሹት። ሲግናሉ ይደርሳል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ላኩት። ይቅርታ ተጠያየቁ፤ እንደ ድሮው አብረው ምሳ መብላት ጀመሩ። ትምኒት ከዚያ ወዲያ እንቅልፏ እንደተመለሰላት ነግራኛለች።

ቦርዶቹ የመጡት ጥር ላይ ነው። አምስት ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከማሸጊያቸው አወጧቸው።

በእያንዳንዱ ላይ... ፀጉር የምታክል የመዳብ መስመር አለች። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። ማንም አልሳላትም። የላኩትን ፋይል ከፍተው ፈለጉ፤ የለችም። ቦታዋ ደግሞ ቦርድ በቦርድ ይለያያል፤ አንዱ ላይ ከላይ፣ ሌላው ላይ ከታች፣ አንዱ ላይ አግድም ጠመም ብላ።

ባርናባስ አምስቱን ጎን ለጎን ደረደራቸው። አዟዟራቸው። አንዱን ገለበጠው።

መስመሮቹ ገጠሙ።

አምስቱ ቦርድ ላይ አንድ ያልተቋረጠ መስመር... ጠረጴዛውን አቋርጦ ሄዶ፣ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ትምኒት ደረት አነጣጥሮ ቆመ።

ትምኒት ተነስታ በጠረጴዛው ዙሪያ ሄዳ፣ ባርናባስ አጠገብ ተቀመጠች።

ባርናባስ ቦርዶቹን አየ። እሷን አየ። ከዚያ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ከእሷ አራቀው።