የዓርብ እራት በቦሎኛ

«ይህ ወንበር ሰው አለው?»

«ያለው ሰው ዘግይቷል።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ሰውየው ተቀመጠ።

ኢየሩ ከካርታዋ ላይ ቀና አላለችም። ፓስፖርቷ ሄራን ይላታል፤ ለብቻዋ አገር ልታይ የመጣች ጎብኚ። ቦሎኛ ከገባች ገና አራት ሰዓቷ ነው። ፓስታውን ፎቶ እያነሳች እንደ ጅል ፈገግ ማለት ሥራዋ ነው። ፓስታው ግን የእውነት ይጣፍጣል። ይህም አናደዳት።

«ጌጡ ነኝ» አለ ሰውየው። «የቀጨኔው።»

ጌጡን በመልክ አታውቀውም፤ ፎቶውን አላሳዩዋትም። የምታውቀው ታሪኩን ነው። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ዲያቆን ነበር። የመሣሪያ ነጋዴዎች ጋ ሁለት ዓመት ተመሳስሎ ሠርቶ፣ ከኢየሩ መሥሪያ ቤት የዘረፉትን የመረጃ ካርድ መልሶ ሰርቋቸዋል፤ ዛሬ ማታ እዚህ ለእሷ ሊያስረክብ ነው። ካርዱ ላይ አዲስ አበባ ያሉ የሰባት ጠቋሚዎች ስም አለ። የሚከፈተው ኢየሩ በቃሏ በያዘችው ቁጥር ብቻ ነው።

ሰውየው አስተናጋጇን በጣቱ ጠራ። ፓስታ በቲማቲም አዘዘ።

«ያለ ሥጋ» አለ፣ በኩራት። «ዓርብ አይደል? ጾም ነው። አንቺ አትጾሚም እንዴ?»

«ጴንጤ ነኝ።»

«በቃ፣ ተገላግለሻል!»

ሳህኑ መጣ። ፎርማጆውን አነሳና ቀዩ ስጎ እስኪሸፈን ነሰነሰበት።

ፎርማጆ።

በዓርብ።

ኢየሩ በዕድሜዋ አንድም ዓርብ ጾማ አታውቅም። ያደገችው ግን ጉለሌ ነው። እዚያ የወተት ነገር በጾም እንደማይበላ ሕፃን ያውቃል። ይህ ሰው የሚያውቀው ሥጋ ብቻ የሚከለከልበትን የጣሊያኖቹን ጾም ነው። እዚሁ ያደገ ቅጥረኛ። የዲያቆን ስም ለብሶ ሲመጣ፣ ዲያቆን ምን እንደሚጾም አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም።

ናቀችው።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የይለፍ ቃሉን ከመሥሪያ ቤቷ ውጭ ከጌጡ በቀር የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ጌጡ በነጋዴዎቹ እጅ ነው።

በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ሲጋራ ይዘዋል፤ አልለኮሱትም።

ሰውየው ካርዱን ስልኩ ውስጥ ከተተ። «እውነተኛ መሆኑን እይው። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ሁለት ቁጥር ታውቃለች። አንዱ ይከፍታል። አንዱ ያጠፋል። የሚከፍተውን ከሰጠችው ምናልባት ጌጡን ይለቁት ይሆናል፤ ሰባቱ ግን ሳምንት አይቆዩም። ካርዱ ከጠፋ ጌጡ ለነዚህ ሰዎች ምንም አይጠቅምም።

የጎረሰችውን ዋጠች።

«ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ሁለት።»

ጻፈ። ስልኩ ላይ ክብ ምልክት መዞር ጀመረ።

«ይቆያል?»

«ሁለት ደቂቃ። እጄን ታጥቤ ልምጣ። አንተ ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

«እሺ እህቴ!» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

በማድ ቤቱ በር ወጣች። አልሮጠችም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አለቃዋ ጢሞቴዎስ ጋ ደወለች።

«ካርዱስ?»

«ጠፍቷል።»

«ጌጡስ?»

ዞራ የመጣችበትን መንገድ አየች።

«ጎበዝ» አላት። «ሥራ ነው።»

እሱንም ናቀችው።

የጌጡ አስከሬን በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ወጣ። ጋዜጣው ስሙን አላወቀም።

ከወር በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ ዊንጌት፣ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው አጠገቧ ገባ። ለሜሳ ነው፤ ከሰባቱ አንዱ። የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ታውቃለች። እሱ አያውቃትም።

«ጠጋ በይ እንጂ! ወንበሩን ለብቻሽ ነው እንዴ የያዝሽው?»

ክርኑን ጎኗ ላይ ተከለ።

ጠጋ አለች።