ገና ነው

ሒሩት በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ልጅ አልነበረችም። ታክሲ ውስጥ እንኳ «ወራጅ አለ» ለማለት ስለምትሽኮረመም፣ ስንት ጊዜ ሰፈሯን አልፋ ሄዳ በእግሯ ተመልሳለች። ያን ቅዳሜ ግን መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶዋን እየጠጣች ሳለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ዳይኖሰሮች ማውራት ጀመረ።

«ይህች ዳይኖሰር» አለ ተራኪው ወፈር፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «የሌሎችን ጎጆ እየበረበረች እንቁላላቸውን የምትሰርቅ ሌባ ነበረች።»

«ውሸት!» አለች ሒሩት። «ሌባ አይደለችም! እንቁላሉ የራሷ ነው!»

አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሒሩት የምትገባበት ጠፋት።

ያው ከቴሌቪዥኑ የወጣው ድምፅ ደግሞ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

ወደ ቴሌቪዥኑ አየች፤ ወደ ጎኗም ዞረች። መነጽር ያደረገ፣ ሹራቡ ሁለት ሰው የሚይዝ የሚመስል ቀጭን ወጣት ተቀምጧል። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእንዲህ ካለ ሰውነት ይወጣል ብሎ የሚጠረጥር ማንም የለም።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«ድምፁም ትርጉሙም የኔ ነው። እንግዲህ ሌባ ብዬ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ፊሊጶስ እባላለሁ።»

ሒሩት ፊቷ እንደቀላ ሥራዋን ነገረችው። ቅሪተ አካል ታጸዳለች፤ ከድንጋይ ውስጥ አጥንት በመርፌ ፈልፍላ ታወጣለች። በዚያ ሰሞን ከሙገር በኩል የመጣ የአንድ ሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ይዛ አራት ወሯ ነው፤ ጥርሱ ከአውራ ጣቷ ጥፍር አይበልጥም።

«ያቺ ሌባ ያልካት» አለችው፣ «አጽሟ የተገኘው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሞንጎሊያ ውስጥ፣ እንቁላል ላይ ነው። እንቁላሉ የሌላ ዝርያ መስሏቸው ሌባ ብለው ስም አወጡላት። ከሰባ ዓመት በኋላ እንዲያ ዓይነቱ እንቁላል ውስጥ የራሷ ወገን ጽንስ ተገኘ። በቅርቡ ደግሞ ቻይና ውስጥ ዘመዷ እንቁላሏን እንደታቀፈች፣ ጫጩቶቹም ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው ተገኝታለች። ጥላቸው አልሸሸችም።»

«ታዲያ ስሟን አስተካከሉላት?»

«የሳይንስ ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ዛሬም ሌባ ትባላለች።»

«ምስኪን» አለ ፊሊጶስ፤ ከልቡ ነበር ያለው። ሒሩት ከሞተች ስንት ሚሊዮን ዓመት ላለፋት እንስሳ እንዲህ ያዘነ ሰው አይታ አታውቅም። ልቧ እዚያው ካፌ ውስጥ ነው የሄደው፤ እሷ ግን ለማመን ሁለት ወር ፈጀባት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሲግናል ሰፈር ያለው ስቱዲዮው እየሄደች ጽሑፉን ታርምለት ጀመር። የዳይኖሰሮች ላባ ውስጥ የቀረው የቀለም ፍሬ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ አንዱ ዳይኖሰር ቀላ ያለ፣ ጭራው ዥንጉርጉር እንደነበረ መታወቁን ስትነግረው እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ቅዳሜ አልበቃ ሲላቸው እሑድ እሑድ እንጦጦን በእግር መውጣት አመጡ።

አንድ ቀን ጽሑፉን ይዞ ተቸግሮ አገኘችው።

«እንግሊዝኛው ዳይኖሰሩን ወንድ ይሁን ሴት ሳይል ያልፈዋል» አላት። «አማርኛ ግን አያሳልፈኝም። እንቁላሉ ላይ ‹ተቀምጧል› ልበል ወይስ ‹ተቀምጣለች›?»

«እናት ናት ያለህ ማነው? አባትየው ነው የታቀፈው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ሰጎንን እይ፤ ቀን ሴቷ፣ ሌሊት ወንዱ ነው የሚታቀፈው።»

«በተራ?»

«በተራ።»

ፊሊጶስ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ያለ መነጽሩ ሌላ ናቸው፤ የሚያዩትን ነገር በእጅ የሚነኩ ይመስላሉ። ሒሩት የያዘችውን ወረቀት ታጥፈው፣ ትዘረጋው ጀመር።

«እንግዲያው ‹ተቀምጠዋል› እላለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱንም ይይዛል።»

«አንቱ ማለትህ ይመስላል እኮ!»

«ይሁና! ለልጁ ብሎ ጎጆው ላይ የሞተ ሰው አንቱ ቢባል ይበዛበታል?»

ሳቋ አምልጧት ወጣ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለቱም በአንዴ ሳቃቸውን አቆሙና ተያዩ።

«ልጆች!» አሉ ከመስታወቱ ማዶ የድምፅ ባለሙያው አቶ በዳዳ። «ማይክራፎኑ ክፍት ነው። ትንፋሻችሁ ሁሉ እየተቀዳ ነው።»

ሒሩትን ያሳደገቻት አክስቷ ሙሉጌጥ ናት። ቤታቸው የካ፣ አስፋልቱ አልቆ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ሙሉጌጥ ፊሊጶስን አልጠላችውም፤ ወንድን ሁሉ ነው ያላመነችው። በወጣትነቷ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ «እስክትመለሺ አለሁ» ብሎ የሸኛት እጮኛ ነበራት።

«ሦስት ዓመት አለሁ ያለኝ ሰው ሦስት ወር አልቆየም» ትላለች። «የሰርጉን ፎቶ ያየሁት የሰው ልብስ እየተኮስኩ ነው። እና አንቺ፣ ስትሄጂ ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ።»

ሒሩት መሄዷ እውነት ነበር። ጆሃንስበርግ፣ ሳይፈለፈሉ የቀሩ የዳይኖሰር ጫጩቶች በጨረር በሚጠኑበት ላቦራቶሪ ሥልጠና ልታገኝ ነው። መጀመሪያ የተባለው ስድስት ወር ነበር። ፊሊጶስም «ስድስት ወር ምን አላት! አንድ ተከታታይ ፊልም ተርጉሜ ሳልጨርስ ትመጫለሽ» ብሎ አጽናንቷት ነበር።

ኅዳር ላይ ግን ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። ፊሊጶስ ድምፁ ሻከረና ሐኪም ቤት ሄደ፤ ጉሮሮው ውስጥ የበቀለች ትንሽ እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጣችለት። ሐኪሙ «እስከ ጥር ድረስ ትንፍሽ እንዳትል። ማንሾካሾክም ክልክል ነው» አለው። በድምፁ እንጀራ የሚበላ ሰው በማስታወሻ ደብተርና በስልክ መልእክት መኖር ጀመረ።

በሳምንቱ ከጆሃንስበርግ ደብዳቤ መጣ። ሥልጠናው ወደ ሁለት ዓመት ትምህርት ተቀይሯል፤ መልሷን ባስቸኳይ ይፈልጋሉ።

ሒሩት ሁለት ዓመት የሚለውን ቃል ለፊሊጶስ መንገር አቃታት። አክስቷ ያየችው የሰርግ ፎቶ እየመጣ ዓይኗ ላይ ተደቀነ። መጀመሪያ ቁርጡን ልወቅ አለች፤ የምር የሚፈልገኝ ከሆነ የቀረውን እነግረዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የምታጸዳውን ጥርስ በጨርቅ ሸፍና፣ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ካጠፋች በኋላ ላከችለት።

«ፊሊ፣ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

መልሱ ወዲያው መጣ። ሁለት ቃል ነበር።

«ገና ነው»

ሒሩት ስልኩን እያየች ቆየች። ሌላ ይጨምራል ብላ ጠበቀች፤ አልጨመረም። ለካስ ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ የእንጦጦ ዳገት ገና ነው። እልህ ይዟት ጻፈችለት።

«እሺ። ገባኝ።»

በዚያው ቀን ለጆሃንስበርግ እመጣለሁ ብላ መለሰች። ሲግናል መሄዱንም እርግፍ አድርጋ ተወች። ፊሊጶስ «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት «ደህና» ትላለች፤ «ጥርሱስ?» ሲላት «ደህና ነው» ትላለች። እሱ ደግሞ፣ የዋህ ነገር፣ ሽማግሌ እስኪመጣ መቆጠቧ ጨዋነት መስሎት በልቡ ያደንቃት ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ሙሉጌጥ ዶሮ ወጧን አውጥታ፣ ሒሩት ደግሞ በግድ የበዓል ቀሚስ ለብሳ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሦስት ሰዎች ገቡ። ፊተኛው ነጭ ጋቢ የደረቡት አቶ በዳዳ ናቸው። ሁለተኛው የፊሊጶስ አጎት፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆባቸውን ያደረጉት የቤት አከራዩ ጋሽ ጠሀ ነበሩ።

«እንኳን አደረሳችሁ! ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አለች ሙሉጌጥ ግራ ገብቷት።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ በዳዳ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ሒሩት ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ትሰማለች። ልጅቱ በዚህ ሰዓት ድምፅዋ እንዳይሰማ ወጉ ነው። ወጉ ግን እንደሷ የተቃጠለ ሰው አላጋጠመውም መሰለኝ፣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ምን ማለት ነው አቶ በዳዳ? እሱ ራሱ ገና ነው ብሎኛል እኮ!»

ሽማግሎቹ ተያዩ።

«ታዲያ ዛሬ ምንድን ነው ልጄ?» አሉ አቶ በዳዳ። «ገና አይደለም እንዴ?»

እሷ አላልታ ያለችውን እሳቸው አጥብቀው አሉት። ሒሩት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ፣ ያ ቃል ከአፉ ቢወጣ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ የአንድ ወር ቅያሜ አይመጣም ነበር። ፊደሉ ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም።

«ይኸ ልጅ!» አሉ አጎትየው ግንባራቸውን ይዘው። «ጽሑፍ ነው ሥራዬ ይላል! ‹ለገና› ብሎ አንዲት ‹ለ› ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር?»

«እኔ እስላሙ እንኳ ገብቶኝ በቀኑ መጥቻለሁ» አሉ ጋሽ ጠሀ።

ሙሉጌጥ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«የት ነው ያለው?» አለች ሒሩት።

«ታች፣ አስፋልቱ ጋ አቁመነዋል።»

በቤት ጫማዋ ዳገቱን ወረደች። ፊሊጶስ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ስትሮጥ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ፤ እምቢ ተብሎ መስሎታል።

«የላክህልኝ ቃል» አለችው እያለከለከች፣ «ገና ያልከው። ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ጥያቄው እንግዳ ሆነበት። ቢሆንም ደብተሩን ገልጦ ጻፈ፦

«ይጠብቃል።»

ከዚያ እንደ መብረቅ ገባው። ግንባሩን በደብተሩ መታ፤ አፉንም ከፈተ።

«እንዳትናገር!» ብላ አፉን በመዳፏ ያዘችው። መዳፏ ውስጥ ሲስቅ ትንፋሹ ሞቃት። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። እጇን አወረደች።

«ፊሊ፣ የደበቅኩህ ነገር አለ። ስድስት ወር አይደለም፤ ሁለት ዓመት ነው። ተቀብያለሁ፣ ከጥምቀት በኋላ እሄዳለሁ። ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ። አክስቴን ሦስት ወር እንኳ አልጠበቋትም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሽማግሎቹ አልተቀመጡም፣ እንደቆሙ ናቸው። ከከበደህ አሁኑኑ ጥራቸው። እውነቴን ነው፣ አልቀየምህም።»

ፊሊጶስ መነጽሩን አወለቀ። እስክሪብቶውን አንስቶ አንድ ነገር ሊጽፍ ጎንበስ አለ፤ ተወው። ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ እየቆጠረ መሰላት።

ደብተሩን ወደሷ አዞረው። ምንም አልጨመረበትም። ያችኑ ከአፍታ በፊት የጻፋትን ቃል በጣቱ አሳያት።

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ እኮ» አለች። «ይጠብቃል። እሱስ ገባኝ፣ አሁን የምጠይቅህ...»

ራሱን ነቀነቀ። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ በሌላው ቃሉን ዳግመኛ አመለከታት።

ሒሩት ጎንበስ ብላ እንደገና አነበበችው። በዚህኛው ግን መካከል ላይ ያለችውን «ብ» ረገጥ አድርጋ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር። ዓይኖቿ ሞሉ። እስከ ዛሬ በአፍ ከተነገራት ነገር ሁሉ ይልቅ ይህችን ዝም ያለች ቃል አመነቻት።

እጁን ይዛ ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ኋላ ተከትሎ አይመጣም ተብሎ ነበር፤ ማንም ትዝ ያለው የለም። ሒሩት፣ ታክሲ ውስጥ ወራጅ ማለት የምታፍረዋ ልጅ፣ የግቢው በር ገና ሳይታይ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ ተጣራች።

«እትዬ! ሽማግሎቹን አስቀምጪያቸው!»